ሽታ የሌለው ጋዝ፦ ፍሪጁን አድኖ ሰማዩን የሸነቆረው ሰው

ቤታችሁ ፍሪጅ ካለ፣ በተለይ ደግሞ ከአያት ከአባት የቆየ፣ ከበድ ያለ፣ ሲነሳ ወለሉን የሚያንቀጠቅጥ አሮጌ ፍሪጅ ካለ፣ የዛሬው ታሪክ እናንተንም ይመለከታል። ታሪኩ የቶማስ ሚጅሌይ ነው። አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር፤ ከሞተ 80 ዓመት አልፎታል። በሕይወቱ ሁለት ትልልቅ ነገሮችን አገኘ። በሁለቱም ተሸለመ፣ ተጨበጨበለት። እሱ ከሞተ በኋላ ግን ሁለቱም ዓለምን ጉድ አሰኙ፤ ሁለቱንም ለማጥፋት አገሮች አሥርት ዓመታት ፈጀባቸው።

አንዳንዶች ሚጅሌይን ምድርን በብቸኝነት ከሁሉ በላይ የጎዳ ሰው አድርገው ያቀርቡታል። እኛ ግን ነገሩን ከሥሩ ብናወራው ይሻላል አልን። ይሄ ሁሉ ጣጣ የመጣው ሰውየው ክፉ ስለነበረ አይደለም። የመጣው አንድ ችግር ሲፈታ ሌላው ስላልታየው፣ አንዳንዴም እያየ ስላለፈው ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሞተሩን ዝም ያሰኘው መርዝ

ሚጅሌይ የተወለደው ግንቦት 18 ቀን 1889 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ቢቨር ፎልስ በምትባል ከተማ ነው። ያደገው ኦሃዮ፣ ኮለምበስ ነው። አባቱም ፈጠራ የሚወድ ሰው ስለነበር ልጁ ብረት እየፈታ፣ እየገጠመ አደገ። በ1911 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በሜካኒካል ምህንድስና ተመረቀ። ልብ በሉ፣ ኬሚስት አይደለም። በኬሚስትሪ የታወቀው በኋላ ራሱን አስተምሮ ነው።

በ1916 ዴይተን ውስጥ ቻርልስ ኬተሪንግ በሚመራው ቤተ ሙከራ ተቀጠረ። ኬተሪንግ ማለት ለመኪና የኤሌክትሪክ ማስነሻ የሠራው ሰው ነው። ቤተ ሙከራው በኋላ የጄኔራል ሞተርስ ሆነ። ለሚጅሌይ የተሰጠው ሥራ የመኪና ሞተር ማንኳኳትን ማስቆም ነበር። የዚያ ዘመን ቤንዚን ሞተሩ ውስጥ ጊዜው ሳይደርስ ይፈነዳና ሞተሩ ኳ ኳ ይላል፤ ጉልበት ያጣል፤ ውሎ አድሮም ይሰበራል።

ሚጅሌይ ያልሞከረው ነገር የለም። መጀመሪያ ነዳጁ ቀይ ቀለም ቢኖረው ሙቀት ይስብ ይሆናል ብሎ አዮዲን ጨመረበት። ማንኳኳቱ ቀነሰ። ግን ሌላ ቀይ ቀለም ሲሞክር ምንም አልሆነም። ለካ ሥራውን የሠራው ቀለሙ ሳይሆን ራሱ አዮዲኑ ኖሯል! ከዚያ በኋላ የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ ይዞ አንድ በአንድ መፈተሽ ጀመረ። ከሞከራቸው አንዱ ቴሉሪየም ሽታው ገላ ላይ ተጣብቆ አልለቅም የሚል ነበር። ታኅሣሥ 9 ቀን 1921 ቴትራኤቲል ሌድ የሚባል የእርሳስ ውህድ ቤንዚን ውስጥ ጠብ ሲያደርጉ ሞተሩ ጸጥ አለ። የምንላችሁ እርሳስ የምንጽፍበት ሳይሆን ሌድ የሚባለው ከባድ ብረት ነው።

እርሳስ መርዝ መሆኑ ያን ጊዜም ይታወቅ ነበር። አልኮል ቤንዚን ውስጥ ቢጨመር ማንኳኳቱን እንደሚቀንስም ሚጅሌይ ራሱ ሞክሮ ያውቃል። ችግሩ አልኮልን ማንም ሊጠምቀው ይችላል፤ አንድ ኩባንያ የእኔ ብቻ ነው ሊለው አይችልም። እርሳሱ ግን የፈጠራ መብት ያስገኛል፣ በጥቂቱ ይበቃል፣ ገንዘብም ያመጣል። ለገበያ ሲወጣ ኤቲል የሚል ስም ተሰጠው። እርሳስ የሚለው ቃል ከስሙ ውስጥ የለም።

ሽያጩ በ1923 ተጀመረ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ሚጅሌይ ራሱ በእርሳስ ተመርዞ ሳንባውን ለማሳረፍ ወደ ፍሎሪዳ ሄዷል። በ1924 ጥቅምት ላይ ደግሞ ኒው ጀርሲ በሚገኘው የቤይዌይ ማጣሪያ መርዙን የሚያመርቱ ሠራተኞች አእምሯቸው መቃዠት ጀመረ። አምስት ሰዎች ሞቱ፤ ከ30 በላይ የሚሆኑ ሆስፒታል ገቡ። ጋዜጦች ጮኹ። ኒው ዮርክን የመሳሰሉ ከተሞች ቤንዚኑን አገዱ።

ሚጅሌይ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጥቅምት 30 ቀን ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ፈሳሹን እጁ ላይ አፈሰሰው፤ ከዚያም ጠርሙሱን አፍንጫው ስር ይዞ ለአንድ ደቂቃ ያህል አሸተተው። ይህን በየቀኑ ባደርገው ምንም አልሆንም የሚል መልእክት ነበር ያስተላለፈው። በእርሳስ የታመመበት ጊዜ ገና ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም።

አሊስ ሃሚልተን የምትባል በሠራተኞች ጤና የታወቀች ሐኪም ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር አጥብቃ ተቃወመች። ፋብሪካ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በየመንገዱ የሚበተነው እርሳስ ሕዝቡን ይጎዳል ብላ አስጠነቀቀች። ግን በ1926 የመንግሥት ኮሚቴ ለማገድ በቂ ምክንያት የለም አለ። ቤንዚኑ ለሚቀጥሉት አሥርት ዓመታት በመላው ዓለም ተሸጠ።

ቤት ውስጥ የገባው ገዳይ

አሁን ወደ ፍሪጁ እንምጣ። በ1920ዎቹ የኤሌክትሪክ ፍሪጅ አዲስ ነገር ነበር። አሠራሩ ዛሬም ያው ነው። ኮምፕረሰሩ ጋዙን ይጨምቀዋል፤ ጋዙ ከኋላ ባለው ቱቦ ሲያልፍ ሙቀቱን ለአየሩ ትቶ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ በቀጭን ቱቦ ሾልኮ ሰፊው ቦታ ሲደርስ እንደገና ይተናል፤ ሲተን ከምግቡ ሙቀት ይወስዳል። ከዚያ ወደ ኮምፕረሰሩ ይመለሳል። አንድ ጋዝ፣ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ፣ ዓመት ከዓመት ይዞራል።

ችግሩ ጋዙ ነበር። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ አሞኒያ ወይም ሜቲል ክሎራይድ ነበር የሚሞላው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1927 ያወጣው፣ ኮምፕረሰሩን አናቱ ላይ እንደ ዘውድ የደፋው ሞኒተር ቶፕ የተባለ ዝነኛ ፍሪጅ የሚሠራው በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነበር። ይሄ ጋዝ እንደተጫረ ክብሪት አፍንጫ ይከነክናል፣ ዓይን ያስለቅሳል። መጥፎ ነው፤ ግን አንድ ደግ ነገር አለው፣ ሲያፈተልክ ይናገራል። የተኛ ሰው ሳይቀር ቀስቅሶ ከቤት ያስወጣል።

ሜቲል ክሎራይድ ግን አይናገርም። ሽታው ደካማና ጣፈጥ ያለ ስለሆነ ሰው ልብ አይለውም። በ1920ዎቹ መጨረሻ ቺካጎ ውስጥ ከአፓርታማ ፍሪጆች ያፈተለከ ሜቲል ክሎራይድ ሰዎችን በተኙበት ገደለ።

ነገሩ አልበርት አንስታይንን ሳይቀር አሳስቦት ነበር። እንደሚነገረው፣ በርሊን ውስጥ አንድ ቤተሰብ ከፍሪጅ ባፈተለከ ጋዝ መሞቱን ጋዜጣ ላይ አንብቦ አዘነ። ከዚያም ከወጣቱ የፊዚክስ ሊቅ ሊዮ ዚላርድ ጋር ሆኖ የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው፣ ማያያዣው የማያፈስ ፍሪጅ ለመሥራት ዓመታት ደከመ። በ1930 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት አገኙበት። ገበያ ላይ ግን አልወጣም። ለምን? አንስታይን ቱቦውን ለማስተካከል ሲታገል፣ ሚጅሌይ ጋዙን ቀየረው።

የአንዲት ትንሽ እንስሳ ዕድል

በ1928 ኬተሪንግ ሚጅሌይን ጠርቶ የጄኔራል ሞተርስ ንብረት ለሆነው ፍሪጅደር መርዝ ያልሆነ፣ የማይቃጠል ጋዝ እንዲፈልግ ነገረው። ሚጅሌይ ከአልበርት ሄን እና ከሮበርት ማክናሪ ጋር ተቀመጠ። የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ አሁንም ዘረጋ። ፍሎሪን ያለበት ውህድ ይሻላል የሚል ሐሳብ ላይ ደረሱ። ያን ጊዜ ፍሎሪን ያለበት ነገር ሁሉ መርዝ ነው ተብሎ ይፈራ ስለነበር ሐሳቡ ድፍረት ነበር። ሦስት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ውህዱን ሠሩት።

እዚህ ላይ የሚገርም ነገር አለ። ለሥራው የሚያስፈልገውን ኬሚካል በአምስት ትንንሽ ጠርሙስ አግኝተው ነበር። አንዱን ጠርሙስ እንዲሁ በእጃቸው ገባ ብለው አነሱና ጥቂት ጋዝ ሠሩ፤ ጊኒ ፒግ የምትባለውን ትንሽ እንስሳ ከጋዙ ጋር ከብርጭቆ ክዳን ስር አስቀመጡ። ምንም አልሆነችም። ደስ አላቸው። በሁለተኛው ጠርሙስ ሲደግሙት ግን እንስሳዋ ሞተች። ሲመረመር አራቱ ጠርሙሶች የተበከሉ ኖረዋል፤ ንጹሑ የመጀመሪያው ብቻ ነበር። ሚጅሌይ በኋላ እንደተናገረው፣ መጀመሪያ ያነሱት ከአራቱ አንዱን ቢሆን ኖሮ ሥራውን ያኔውኑ ሊተዉት ይችሉ ነበር።

በ1930 ሚያዝያ አትላንታ ላይ፣ የአሜሪካ ኬሚስትሪ ማኅበር ጉባኤ ፊት ሚጅሌይ እንደገና ትርኢቱን አሳየ። ጋዙን በሳንባው ሙሉ ሳበና በቀስታ ሻማ ላይ ተነፈሰው። ሻማው ጠፋ። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ነገር አሳየ፦ ሰው አይገድልም፣ እሳትም አይነሳበትም። በዚህኛው ጊዜ ያሳየው እውነት ነበር። ጋዙ ፍሪዮን ተባለ፤ በፍሪጅ ጠጋኞች ቋንቋ አር 12 የሚባለው ነው።

ፍሪዮን የሰው ሕይወት ማትረፉን መካድ አይቻልም። ፍሪጅ ሰው ሳይፈራው ቤቱ የሚያስቀምጠው ዕቃ የሆነው በእሱ ነው። ወተት፣ ሥጋ፣ መድኃኒት ሳይበላሽ እንዲቆይ ረድቷል። ግን አንድ ባሕርይ አለው፦ አይሸትም። ሲያፈስ አያስለቅስም፣ አያስልም፣ ማንንም ከእንቅልፉ አይቀሰቅስም። ቱቦው ቢሸነቆር ባለቤቱ የሚያውቀው ወተቱ ሲበላሽ ነው። ፍሪዮን ደግሞ በጊዜው ብዙ ስለነበር ጠጋኙም ሽንቁሩን ከመፈለግ ይልቅ ጨምሮ መሙላት ይቀለው ነበር። ያፈሰሰው ጋዝ የት ሄደ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ክብር፣ ሕመም እና ገመድ

ሚጅሌይ ሽልማት ዘነበለት። በ1923 የኒኮልስ፣ በ1937 የፐርኪን፣ በ1941 የፕሪስትሊ፣ በ1942 የዊላርድ ጊብስ ሜዳልያ ተሰጠው። በ1944 የአሜሪካ ኬሚስትሪ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር። ኬሚስትሪ ላልተማረ መሐንዲስ ከዚህ በላይ ምን አለ?

ግን በ1940፣ በ51 ዓመቱ፣ ፖሊዮ ያዘው። እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። ፈጣሪ ሰው ነውና ለራሱም መላ ፈለገ። ሰው ሳይረዳው ከአልጋው የሚያነሳው የገመድና የመዘውር መሣሪያ ሠራ። ኅዳር 2 ቀን 1944 ኦሃዮ፣ ወርዚንግተን በሚገኘው ቤቱ በዚያው መሣሪያ ገመድ ታንቆ ሞቶ ተገኘ። 55 ዓመቱ ነበር። ለብዙ ዘመን እንደ አደጋ ሲወራ ኖሯል፤ የሞት መዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን ራሱን እንዳጠፋ ነው። እኛ በዚህ ላይ የምንጨምረው የለም። ሕመሙ ከባድ ነበር፤ ቤተሰቡም አዝኖበታል።

ሚጅሌይ የፈጠራዎቹን መጨረሻ ሳያይ ሞተ።

ሒሳቡ ሲመጣ

ክሌር ፓተርሰን የተባለ ሳይንቲስት በ1950ዎቹ የምድርን ዕድሜ በእርሳስ ልኬት ሲያሰላ አንድ ነገር አስቸገረው። ናሙናዎቹ ሁሉ ከአካባቢው በሚመጣ እርሳስ ይበከሉበታል። አየሩ፣ ውኃው፣ የሰው ገላ ሳይቀር እርሳስ አለበት። ምንጩን ሲከታተል ቤንዚን ላይ ደረሰ። በ1965 ይፋ ሲያደርገው ኢንዱስትሪው ዘመተበት፤ እሱ ግን አልተመለሰም። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም የሚባል መጠን የለም ይላል።

አሜሪካ በ1996 ከመንገድ ተሽከርካሪዎች ፈጽማ አገደችው። ከሰሃራ በታች ያለን አፍሪካውያን በ2001 ዳካር ላይ ተስማምተን እስከ 2006 መግቢያ ድረስ ከቤንዚን አስወጣነው። የመጨረሻዋ አልጄሪያ ነበረች፤ በ2021 አቆመች። ከዚያች የ1921 ሙከራ ቆጥራችሁ ከሆነ 100 ዓመት ማለት ነው።

የፍሪዮን ሒሳብ ደግሞ ከሰማይ መጣ። በ1974 ማሪዮ ሞሊና እና ሼርዉድ ሮውላንድ የሚጅሌይ ጋዝ ለመፍረስ እምቢ ስለሚል ተሳፍሮ ወደ ላይኛው አየር እንደሚደርስ አሳዩ። እዚያ ኃይለኛው የፀሐይ ጨረር ይሰነጥቀውና ክሎሪን ይለቃል፤ ክሎሪኑ ደግሞ የኦዞንን ሽፋን ይበላል። አንዷ የክሎሪን አቶም ብቻዋን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የኦዞን ሞለኪውሎችን ታፈርሳለች። ኦዞን የሚጠብቀን ደግሞ የቆዳ ካንሰርና የዓይን ሞራ ከሚያመጣው ጨረር ነው። በ1985 የብሪታንያ ተመራማሪዎች አንታርክቲካ ላይ ሽፋኑ መሳሳቱን ለዓለም አስታወቁ። ያ ነው የኦዞን ቀዳዳ የተባለው።

ታዲያ ዓለም ቶሎ ነቃ። በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች በሙሉ ተቀብለውታል። ሞሊና እና ሮውላንድ ከፖል ክሩትዘን ጋር በ1995 ኖቤል ተሸለሙ። በ2016 ደግሞ ኪጋሊ ላይ፣ ኦዞንን ባይጎዱም ምድርን የሚያሞቁት ተተኪ ጋዞችም እንዲቀነሱ አገሮች ተስማሙ። በመንገዱ ከቀጠልን የኦዞን ሽፋን በአብዛኛው ዓለም በ2040 ገደማ፣ አንታርክቲካ ላይ በ2066 ገደማ ወደ ድሮው ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል። የሚድን ቁስል ነው፤ ግን የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ይወስዳል።

አሮጌው ፍሪጅ ቤታችሁ ካለስ?

የሚጅሌይ ታሪክ ከእኛ ጋር የሚገናኘው እዚህ ጋ ነው። አሮጌ ፍሪጆች ውስጥ የዚያ ጋዝ ቅሪት አሁንም አለ። አር 12 አየር ላይ ከወጣ 100 ዓመት ያህል ይቆያል፤ ምድርን በማሞቅ ደግሞ ኪሎ ለኪሎ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ10 ሺህ እጥፍ በላይ ይከፋል። ስለዚህ እነዚህን ያዙልን።

1. የፍሪጅ ጋዝ እንደ ቤንዚን አያልቅም። በተዘጋ ቱቦ ነው የሚዞረው። ጋዙ አልቋል ከተባላችሁ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ሽንቁሩ ሳይገኝ ማስሞላት ገንዘብም ጋዝም መበተን ነው።

2. ከኋላው ያለውን የብረት ጽሑፍ አንብቡ። የጋዙ ዓይነት እዚያ ላይ ተጽፏል። እንደ ሞኒተር ቶፕ ያለ በጣም የቆየ ዕቃ ሆኖ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወይም ሜቲል ክሎራይድ የሚል ካለው አትንኩት፤ ለሚያውቀው ባለሙያ ብቻ ነው።

3. ሽንቁር የሚፈለገው በዓይንና በሳሙና ነው። ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ የቱቦ መገጣጠሚያ ላይ የቅባት ወዝ ካያችሁ ጠርጥሩ። የሳሙና አረፋ ሲቀባ ኳስ የሚነፋበት ቦታ እሱ ነው። የድሮ ባለሙያዎች የፋኖስ ነበልባል ወደ ቱቦው አስጠግተው ነበልባሉ አረንጓዴ ሲሆን ፍሪዮን መኖሩን ያውቁ ነበር። ዛሬ የኤሌክትሮኒክስ መፈተሻ ስላለ እሳቱ አያስፈልግም።

4. ጋዝ ያለበት ቱቦ ላይ እሳት አይለኮስም። ፍሪዮን በነበልባል ሲቃጠል ሳንባ የሚያቃጥሉ አሲዶችና ፎስጂን የሚባል መርዝ ይወጣዋል። የማይገድለው ጋዝ ገዳይ የሚሆነው ያኔ ነው። ጥሩ ባለሙያ ጋዙን መጀመሪያ በማሽን ስቦ ሲሊንደር ውስጥ ያስገባል እንጂ አየር ላይ አይለቀውም።

5. የተበላው የመዳብ ቱቦ ተቆርጦ በአዲስ ይተካል፣ በብየዳ ይያያዛል፣ ከዚያ በደረቅ ናይትሮጅን ተነፍቶ ይፈተሻል። በኦክስጅን በጭራሽ! ኦክስጅን ከኮምፕረሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ማጣሪያው ተቀይሮ፣ አየሩና እርጥበቱ በቫኩም ፓምፕ ወጥቶ፣ ጋዙ በሚዛን ተመዝኖ ይሞላል።

6. ብዙዎቹ አዳዲስ ፍሪጆች አር 600ኤ የሚባል ጋዝ ይጠቀማሉ። ኦዞንን አይነካም፤ ግን እንደ ቡታጋዝ ይቀጣጠላል። ለአር 12 በተሠራ አሮጌ ፍሪጅ ውስጥ እሱን ልሙላ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አይሆንም በሉት።

7. የመጨረሻው ለሁላችንም ነው። የፍሪዘሩን በረዶ በቢላ አትፈቅፍቁ። በረዶው ስር ያለው ቱቦ ስስ ነው፤ ብዙ ፍሪጅ የሚሞተው በዚህ ነው። ሶኬቱን ነቅላችሁ በሩን ክፈቱና ራሱ ይቅለጥ።

ሚጅሌይን ምን እንበለው?

በሁለቱ ፈጠራዎች መካከል ልዩነት ያለ ይመስለናል። ፍሪዮንን ሲሠራ ኦዞንን እንደሚጎዳ ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ ሳይንሱ የመጣው እሱ ከሞተ ከ30 ዓመት በኋላ ነው። እርሳሱ ላይ ግን ሰዎች ሞተዋል፣ ሐኪሞች ተናግረዋል፣ ራሱም ታሟል። ያኔ እጁን የታጠበበት ፈሳሽ ነው ስሙን ይበልጥ ያቆሸሸው። አለማወቅ አንድ ነገር ነው፣ እያወቁ ማስተባበል ሌላ።

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ጋዝም እንደዚያው ነው። የሚሸተው ጋዝ ሲያፈተልክ ሰው ሮጦ ይወጣል፤ የማይሸተውን ግን ካልፈለጉት አይገኝም። ስለዚህ ፍሪጃችሁ አልቀዘቅዝ ሲል ባለሙያውን ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከመጠየቃችሁ በፊት የሚያፈሰው የቱ ጋ እንደሆነ ጠይቁት።

እናንተስ ሚጅሌይን እንዴት ታዩታላችሁ? ቤታችሁ ዕድሜ ጠገብ ፍሪጅ ካለ ዓመቱንና የጋዙን ዓይነት ጻፉልን። በረዶ በቢላ ለሚፈቀፍቅ ወዳጃችሁም አጋሩት።